ከተለመደው የጨጓራ ሕመም የተለዩ አደገኛ የጨጓራ ኢንፌክሽኖች

በአገራችን «ጨጓራ አለብኝ» የሚለው አነጋገር ብዙ ዓይነት ሕመምን ይሸከማል። ከምግብ በኋላ የሚሰማ ማቃጠል፣ ቃር፣ የሆድ መነፋት፣ በረኀብ ጊዜ የሚበረታ ቁርጠት፣ አንዳንድ ጊዜም ከሐሞት ከረጢት ወይም ከቆሽት የሚመነጭ ሕመም ሳይቀር በዚሁ አንድ ስም ይጠራል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በምርመራ የሚለዩና በሕክምና የሚሻሻሉ ሲሆኑ፣ ሕይወትን ወዲያውኑ ለአደጋ የሚያጋልጡ አይደሉም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን በጣም ጥቂት ሰዎችን በሚይዙ፣ ሲይዙ ግን በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊያደርሱ በሚችሉ የባክቴሪያ ኢንፌክሽኖች ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ ድንገተኛ፣ ብርቱና የማያቋርጥ የላይኛው ሆድ ሕመም ከትኩሳት ጋር ሲመጣ «የለመደብኝ ጨጓራ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አለመሆኑን ነው። የተለመደው የጨጓራ መቆጣትም ሆነ ያልተወሳሰበ የጨጓራ ቁስለት በራሱ ትኩሳት አያመጣም። ትኩሳት ካለ ሌላ ነገር አለ፤ ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ መለየት ያለበትም ታማሚው ወይም ጎረቤቱ ሳይሆን ሐኪም ነው።

ጨጓራ በባክቴሪያ በቀላሉ የማይጠቃው ለምንድን ነው?

በየዕለቱ ከምግብና ከውኃ ጋር ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ወደ ጨጓራ ይገባሉ። አብዛኞቹ ከዚያ አያልፉም። ጨጓራ የሚያመነጨው አሲድ እጅግ ብርቱ በመሆኑ ብዙዎቹን ይገድላቸዋል። የጨጓራ ውስጠኛ ገጽ በወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽ የተሸፈነ ነው፤ ሽፋኑ ራሱም በጥቂት ቀናት ልዩነት እየረገፈ በአዲስ ይተካል። በግድግዳው ውስጥ የሚሠራጨው ደምም የተትረፈረፈ በመሆኑ ሰውነት የመከላከያ ሕዋሳቱን ፈጥኖ ወደ ቦታው ማድረስ ይችላል። የጨጓራ ግድግዳ ኢንፌክሽን ብርቅ የሆነው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ነጥብ አለ። «ኤች ፓይሎሪ» በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ባክቴሪያ በጨጓራ አሲድ ውስጥ ለመኖር የሚያስችል የራሱ ብልኀት ያለው ሲሆን፣ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ በሚጠጋው ውስጥ እንደሚገኝ ይገመታል። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ባክቴሪያው ከጨጓራ ቁስለት ጋር ያለውን ግንኙነት በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ ኤች ፓይሎሪ በጨጓራው ገጽ ላይ ለዓመታት የሚቆይ፣ በአብዛኛው ሰው ላይም ምንም ስሜት የማያሳይ ነው። ከዚህ በታች የሚገለጹት ሕመሞች ግን ገጹን አልፈው ወደ ግድግዳው ሥጋ የሚዘልቁ ናቸው። ስለዚህ በምርመራ «ባክቴሪያ አለብህ» የተባለ ሰው እነዚህ አደገኛ ሕመሞች ያዙኝ ብሎ ሊሠጋ አይገባም።

መግል የሚቋጥረው የጨጓራ ግድግዳ ኢንፌክሽን

በሕክምና ስሙ ፍሌግሞነስ ጋስትራይቲስ ይባላል። የጨጓራ ግድግዳ በርካታ ንብርብሮች ያሉት ሲሆን፣ ይህ ሕመም በዋነኛነት የሚያጠቃው ከውስጠኛው ስስ ሽፋን ቀጥሎ ያለውን ልል ንብርብር ነው። ባክቴሪያው እዚያ ከደረሰ በኋላ በቀላሉ ይስፋፋል። ግድግዳው ያብጣል፣ ይወፍራል፣ መግል ይቋጥራል። ኢንፌክሽኑ በአንድ ቦታ ተወስኖ እንደ እባጭ ሊቀር ይችላል፤ ወይም ጨጓራውን በሙሉ ሊያዳርስ ይችላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ መንሥኤው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው የባክቴሪያ ዝርያ ነው። ይህ የባክቴሪያ ወገን ለብዙ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሕፃናትን በተደጋጋሚ የሚይዘው በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመምም የሚነሣው ከዚሁ ወገን ነው። ከእርሱ ሌላ ስታፊሎኮከስ፣ ኢ ኮላይ፣ ክሌብሲየላና ሌሎችም ባክቴሪያዎች ሕመሙን ያስከትላሉ፤ ከአንድ በላይ የሆኑ ዝርያዎች በአንድነት የሚገኙበት ጊዜም አለ።

ባክቴሪያው ወደ ግድግዳው የሚገባባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። በጨጓራ ሽፋን ላይ በቁስለት፣ በዕጢ ወይም በሌላ ጉዳት የተከፈተ ቀዳዳ ካለ በዚያ በኩል ይገባል። ከሌላ የሰውነት ክፍል ተነሥቶ በደም አማካይነት ሊደርስም ይችላል። በኢንዶስኮፒ ምርመራ ወቅት ለናሙና ሥጋ ከተወሰደ በኋላ የተከሠተባቸው ታማሚዎችም በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ይህ ግን እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም በመሆኑ፣ ሐኪም ያዘዘውን የኢንዶስኮፒ ምርመራ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ምርመራውን በመተው የሚመጣው ጉዳት ከዚህ ይልቅ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ለሕመሙ ይበልጥ የተጋለጡት የሰውነታቸው በሽታን የመከላከል አቅም የተዳከመባቸው ሰዎች ናቸው። ከእነዚህም መካከል ሕክምና ያልጀመሩ ወይም ያቋረጡ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች፣ የስኳር ሕመማቸው በቁጥጥር ሥር ያልዋለ፣ የካንሰር ሕክምና የሚወስዱ፣ እንዲሁም ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የሚወስዱ ታማሚዎች ይገኙበታል። አልኮልን አብዝቶ መጠጣት በተደጋጋሚ የሚጠቀስ ሌላው ምክንያት ነው። አረቄን የመሰሉ ብርቱ መጠጦች፣ በተለይ በባዶ ሆድ ሲወሰዱ፣ የጨጓራን ሽፋን በቀጥታ ይጎዳሉ፤ መጠጥ የለመደ ሰውም የጨጓራ ሕመምን እንደ ተለመደ ነገር ስለሚቆጥረው ዘግይቶ ወደ ሕክምና ይመጣል። ከዚህ ሁሉ ጋር፣ ቀደም ሲል ጤነኛ የነበሩ ሰዎችም በዚህ ሕመም ሊያዙ እንደሚችሉ መዘንጋት አይገባም።

ሕመሙ ድንገት ይጀምራል። ከእምብርት በላይ የሚሰማ ብርቱ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። መግል የተቀላቀለበት ትውከት ከታየ ሕመሙን በግልጽ ይጠቁማል፤ ሆኖም የሚታየው በጥቂቶች ላይ ብቻ ስለሆነ አለመኖሩ ሕመሙ የለም አያሰኝም። የሕመሙ አሳሳችነትም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከምግብ መመረዝ፣ ከቆሽት መቆጣት ወይም ከተበሳ የጨጓራ ቁስለት ጋር ይመሳሰላል። ኢንዶስኮፒ እንኳ ሽፋኑ ቀልቶና አብጦ ከማሳየት ያለፈ ነገር ላያሳይ ይችላል፤ ምክንያቱም መግሉ ያለው ከሽፋኑ በታች ነው። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች በብዛት የሚተማመኑት የጨጓራን ግድግዳ ውፍረት በሚያሳየው በሲቲ ስካን፣ እንዲሁም ከደምና ከጨጓራ ፈሳሽ በሚወሰድ የባክቴሪያ ካልቸር ምርመራ ላይ ነው።

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ከመገኘታቸው በፊት ከዚህ ሕመም የሚተርፍ ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ዛሬም ቢሆን በሕክምና ጽሑፎች ተሰባስበው በተጠኑ ታማሚዎች መካከል የሞቱት መጠን 40 በመቶ ገደማ ሆኖ ተመዝግቧል። ኢንፌክሽኑ በአንድ ቦታ ተወስኖ በቆየባቸው ታማሚዎች ዘንድ ግን አሐዙ ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። ልዩነቱን ከሚፈጥሩት ነገሮች አንዱ ሕክምናው የተጀመረበት ሰዓት ነው።

በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ ጋዝ የሚፈጥረው ኢንፌክሽን

ኤምፊዜማተስ ጋስትራይቲስ የሚባለው ይህ ሕመም ከቀዳሚው ጋር ይዛመዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1889 ፍሬንክል በተባለ ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ ተገልጿል። ልዩ የሚያደርገው መንሥኤ የሆኑት ባክቴሪያዎች ጋዝ የሚያመነጩ መሆናቸው ነው። ከእነርሱም መካከል ኢ ኮላይ፣ ክሌብሲየላና ክሎስትሪዲየም ይጠቀሳሉ። ጋዙ በግድግዳው ንብርብሮች መካከል ተሰብስቦ በሲቲ ስካን ላይ እንደ ጥቃቅን አረፋ ይታያል። የጨጓራ ግድግዳ ሥጋ ሊሞትና ሊበሳ ስለሚችል በታማሚው ላይ የሚያስከትለው አደጋ ከፍተኛ ነው።

በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ አየር በታየ ቁጥር ግን ኢንፌክሽን አለ ማለት አይደለም። በብርቱ ትውከት ወይም በሕክምና መሣሪያ ምክንያት አየር ሊገባ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላል። ሁለቱን የሚለየው በዋናነት የታማሚው ሁኔታ ነው፦ ትኩሳት፣ የደም ግፊት መውረድና የሰውነት መዳከም ያለበት ሰው በኢንፌክሽን መያዙ ይታሰባል።

ለዚህ ሕመም ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ የሚያቃጥል ኬሚካል መዋጥ ነው። በብዙ ቤት በረኪናና ሌሎች የጽዳት ፈሳሾች በውኃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተቀድተው ይቀመጣሉ። ሕፃናት ውኃ መስሏቸው፣ አዋቂዎችም በጨለማ ሳያስተውሉ ይጠጧቸዋል። እንዲህ ዓይነት ፈሳሽ የጠጣን ሰው እንዲያስታውክ ማስገደድ አይገባም፤ ፈሳሹ ሲመለስ ጉሮሮንና የምግብ ቧንቧን ዳግመኛ ያቃጥላልና። ጠርሙሱን ይዞ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ተገቢ ነው።

አባ ሰንጋ በምግብ መንገድ ሲገባ

ከላይ የተገለጹት ሁለቱ ሕመሞች በየትኛውም አገር አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ ናቸው። አባ ሰንጋ ግን በአገራችን ሥር የሰደደ የእንስሳት በሽታ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች መካከል በኢትዮጵያ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ከተለዩት አምስቱ አንዱ ነው። ባሲለስ አንትራሲስ በተባለ ባክቴሪያ ይመጣል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1876 አንድ የተወሰነ ባክቴሪያ አንድን የተወሰነ በሽታ እንደሚያስከትል ያረጋገጠው በዚሁ በሽታ ላይ ባደረገው ምርምር ነበር።

በሰው ላይ በብዛት የሚታየው የቆዳው ዓይነት ነው፤ ማዕከሉ የጠቆረና ብዙ ሕመም የሌለው ቁስል ይፈጥራል። በጨጓራና በአንጀት የሚከሠተው ግን የታመመ እንስሳ ሥጋ በመብላት ይመጣል፤ ከቆዳው ዓይነት ይልቅ ብርቅ፣ ይልቁንም ገዳይ ነው። ሥጋው ከተበላ በኋላ በአብዛኛው ከ1 እስከ 7 ባሉት ቀናት ውስጥ ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽና ትውከት ይጀምራሉ። ቀጥሎም ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ደም የተቀላቀለበት ትውከት ወይም ተቅማጥ፣ በሆድ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም ይከተላሉ። ባክቴሪያው በጉሮሮ ላይ ካረፈ ደግሞ የጉሮሮ ቁስለትና የአንገት እብጠት ያስከትላል። ሕክምና ካላገኙ ታማሚዎች መካከል ከ25 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት እንደሚሞቱ ይገመታል።

የባክቴሪያው ዋና ጉልበት ስፖር በሚባለው መልኩ ነው። ባክቴሪያው ከእንስሳው አካል ወጥቶ አየር ሲያገኝ በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ ያንቀላፋል፤ በዚህ ሁኔታም በአፈር ውስጥ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል። የተለመደው የምግብ አበሳሰል ስፖሮቹን ሙሉ በሙሉ እንደሚያጠፋ መተማመን አይቻልም። እንግዲህ «በደንብ ከበሰለ ምን ይሆናል» የሚለው አባባል በአባ ሰንጋ ላይ አይሠራም። ለጥሬ ሥጋማ አደጋው ግልጽ ነው።

በኅብረተሰባችን በክት፣ ማለትም ሳይታረድ የሞተ እንስሳ፣ አይበላም። ይህ የቆየ ሥርዓት ብዙ ሕይወት እንዳተረፈ ማመን አያስቸግርም። ሥርዓቱ የማይሸፍነው አንድ ክፍተት ግን አለ። በሬው ታሞ ሲወድቅ፣ ባለቤቱ ንብረቱ ከንቱ እንዳይቀር በማሰብ ሳይሞት ያርደዋል፤ ሥጋውም በቅርጫ ይከፋፈላል ወይም በቅናሽ ዋጋ ይሸጣል። በሥርዓቱ መሠረት ተባርኮ ስለ ታረደ በክት አይባልም፤ ባክቴሪያው ግን በደሙና በሥጋው ውስጥ አለ። አንድ በሬ ለአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለምና ይህን ውሳኔ በድንቁርና ብቻ መፈረጅ ትክክል አይሆንም። ኪሣራውን አስቀድሞ ለመከላከል የሚያስችለው መንገድ በየዓመቱ እንስሳቱን ማስከተብ ነው።

ከብት፣ በግ ወይም ፍየል ያለ ግልጽ ምክንያት በድንገት ሲሞት፣ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ሲፈስ፣ በድኑም እንደ ወትሮው ሳይደርቅ ሲቀር አባ ሰንጋ ሊጠረጠር ይገባል። እንዲህ ያለውን እንስሳ መግፈፍ፣ መበለት ወይም ለውሻና ለአሞራ መተው ክልክል ነው። በድኑ ሳይከፈት፣ በእንስሳት ጤና ባለሙያ መመሪያ መሠረት መቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር አለበት። ሥጋውን የበላ ሰው ካለም ምልክት እስኪታይበት ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ የበላውንና የበላበትን ቀን ይናገር፤ ሐኪሙ እንደ ሁኔታው መከላከያ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል።

ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

ታማሚው ወይም ቤተሰቡ ከላይ ከተጠቀሱት ሕመሞች የትኛው እንደያዘው እንዲለይ አይጠበቅበትም። ሊያስተውል የሚገባው ሕመሙ ከለመደው የተለየ መሆኑን ነው። በድንገት ጀምሮ እየበረታ የሚሄድና ቀድሞ ያስታግሰው በነበረው መድኃኒት የማይበርድ ሕመም፤ ከሆድ ሕመም ጋር የሚመጣ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ፤ ደም፣ መግል ወይም የቡና አተላ የሚመስል ነገር ያለበት ትውከት፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፤ ሲነኩት እንደ ጣውላ የጠነከረ ሆድ፤ የልብ ምትና የትንፋሽ መፍጠን፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ የሽንት መቀነስ፣ መቃዠት ወይም ራስን መሳት፤ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ መሄድ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ድረስ ለታማሚው ምግብም ሆነ መጠጥ አለመስጠት ይመረጣል፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላልና። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም አረቄ ማጠጣት የተጎዳውን ጨጓራ ይበልጥ ያስቆጣል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች የጨጓራን ሽፋን ስለሚጎዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የለባቸውም። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛ ጥቂት ፍሬ አሞክሳሲሊንም ቢሆን ትኩሳቱን ለጊዜው ሊያለዝብና የባክቴሪያ ምርመራውን ውጤት ሊያዛባ ይችላል እንጂ ይህን የመሰለ ኢንፌክሽን አያድንም። ታማሚው አስቀድሞ የወሰደው መድኃኒት ካለ መደበቅ አይገባውም፤ ማሸጊያውን ይዞ ለሐኪሙ ማሳየት ይጠቅማል።

በሆስፒታል የሚደረገው ሕክምና

የሕክምናው መጀመሪያ ምርመራው እስኪጠናቀቅ የሚጠብቅ አይደለም። የካልቸር ናሙና እንደ ተወሰደ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎችን የሚያጠቁ መድኃኒቶች በደም ሥር ይሰጣሉ፤ የወረደ የደም ግፊት በፈሳሽ እንዲስተካከል ይደረጋል፤ ጨጓራው እንዲያርፍ ምግብ በአፍ አይሰጥም። የካልቸር ውጤት ሲደርስ መድኃኒቱ ለተገኘው ባክቴሪያ በሚስማማው ይተካል። ለአባ ሰንጋ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ከሚታዘዙት መካከል ናቸው፤ ሕመሙ ሲጠና ከሌሎች ጋር ተጣምረው ይሰጣሉ።

ቀደም ባለው ዘመን የታመመውን የጨጓራ ክፍል በቀዶ ሕክምና ማስወገድ የተለመደ ነበር። በአሁኑ ጊዜ በጊዜ የመጡ ብዙ ታማሚዎች በመድኃኒት ብቻ ይድናሉ። ጨጓራው ከተበሳ፣ ሥጋው ከሞተ ወይም መድኃኒቱ ለውጥ ካላመጣ ግን ቀዶ ሕክምና ግድ ይሆናል። የሲቲ ስካን አገልግሎት በሁሉም ሆስፒታል ስለማይገኝ ታማሚው ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ቤተሰብ «አንድ ቀን ይታይ» በሚል ሪፈሩን ባያዘገይ ይመከራል።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የታዘዘውን መድኃኒት መጨረስና በቀጠሮ ቀን መገኘት ያስፈልጋል። ጨጓራቸው በከፊል ወይም በሙሉ የተወገደላቸው ሰዎች ምግብ በጥቂት በጥቂቱ ደጋግመው እንዲወስዱ ይመከራሉ፤ ሐኪማቸው በሚወስነው መሠረትም የቫይታሚን ቢ12 መርፌ ያስፈልጋቸዋል።

አባ ሰንጋ ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ነው። በአካባቢው የተጠረጠረ የእንስሳ ሞት ወይም የሰው ሕመም ሲያጋጥም ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል፤ ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር 8335 መደወልም ይቻላል።